የኦቴሎ መውደቅና የኦቴሎ ጥፋት

«ደሙ ፈላ»፣ «አእምሮውን ሳተ»፣ «ሰይጣን አሳሳተው» የሚሉት የአማርኛ አባባሎች የቁጣ ግድያን ከገዳዩ ፈቃድ ውጭ ያደርጉታል። የአንጎል ሳይንስም ተመሳሳይ በር ከፍቷል፤ ግፊትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል መዳከምና የሴሮቶኒን መዛባት ከግብታዊ ጠበኝነት ጋር እንደሚዛመዱ ያመለክታል። ታዲያ ሐያሲ ነፍሰ ገዳይ ገፀባህሪን በዚህ መነጽር ቢመረምር ምን ያተርፋል?

ፀጋዬ ገብረመድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው የሼክስፒር «ኦቴሎ» ጥሩ መፈተኛ ነው። በ4ኛው ገቢር ኦቴሎ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ኢያጎም የሚጥል በሽታ ነው ይላል። ከዚህ ተነስቶ «የገደለው በሽታው ነው» ማለት ይቀላል። ሆኖም ግድያው የሚፈጸመው በ5ኛው ገቢር ነው፤ ኦቴሎ አስቀድሞ ያመነታል፣ ዴስዴሞና ጸሎት ማድረሷንም ይጠይቃል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 የሚመረምረው፣ ሰውየው በድርጊቱ ጊዜ በሕመም ወይም በመሰል ምክንያት የሚያደርገውን ለመረዳት ወይም ራሱን ለመግዛት አለመቻሉን ነው። በዚህ ሚዛን ኦቴሎ በቀላሉ ነጻ አይወጣም።

መውደቁ የሚያሳየው የኢያጎ ቃል ሥጋው ድረስ መዝለቁን ነው። ኬሚስትሪ የቅናቱን ትኩሳት ሊያስረዳ ይችላል፤ ትኩሳቱን ማን፣ በምን ቃል እንደለኮሰው የሚነግረን ግን ተውኔቱ ነው።