ከማዕረጉ ወዲያ፤ የእንዶድ ታሪክ አነጋገር ሲተች

አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሳይንቲስት ከዶክትሬት ማዕረጉ በኋላ ምን ሊሠራ እንደሚችል ማስረዳት በተፈለገ ጊዜ የዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ታሪክ ይነሣል። መነሣቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገርበት መንገድ ለተማሪ የተሳሳተ ትምህርት ይሰጣል ብለን እናምናለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው አተራረኩን እንጂ ሊቁን አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የተለመደው አነጋገር የሚከተለው ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አገኙ። በዚያው ዓመት በአድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ነገር በሽታውንም ይገታል። እንግዲህ መድኃኒቱ ተገኘ፣ ሊቁም ተከበሩ ተብሎ ታሪኩ እዚህ ላይ ይዘጋል።

በዚህ አነጋገር ውስጥ ሦስት ጉድለቶች እናያለን።

የመጀመሪያው ነገሩን ሁሉ ዕድል ማስመሰሉ ነው። በወግዲም ሆነ በመካነ ሰላም ያደገ ሰው እንዶድን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲመታ አረፋ እንደሚያወጣ፣ ጋቢና ነጠላም እንደሚያነጣ እናቶቻችን ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረ ነው። የዶክተር አክሊሉ ሥራ ያልታወቀ ተክል ማግኘት አልነበረም፤ ሁሉ በየቀኑ የሚያየውን ነገር ቀንድ አውጣ ለምን እዚህ ብቻ ይሞታል ብሎ መጠየቅ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሊመጣ የሚችለው የበሽታውን መንገድ አስቀድሞ በትምህርት ለሚያውቅና ወደ ወንዙም በእግሩ ለሚወርድ ሰው ነው። ታሪኩን የዕድል ታሪክ አድርጎ የሚነግር ሰው የሊቁን ትምህርትም የአጣቢዎቹን ዕውቀትም ያሳንሳል።

ሁለተኛው ጉድለት ታሪኩን ሥራው በሚጀምርበት ቦታ መጨረሱ ነው። ከወንዙ በኋላ ምን ሆነ? በ1965 የመጀመሪያው ዘገባ በአገራችን የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ1966 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ተቋም በእርሳቸው መሥራችነት ተቋቋመ። ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው የአምስት ዓመት ሙከራ፣ በሽታው የያዘው ሕዝብ ከ63 ከመቶ ወደ 34 ከመቶ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ እንደ ቀነሰ ተዘገበ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ የዓለም ጤና ድርጅት የእንዶድ ደኅንነት ምርመራ በታወቀው ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ሥርዓት ካልተደረገ ለመቀበል አልፈቀደም። ምርመራው ከብዙ ዓመት መዘግየት በኋላ በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ርዳታ ተከናወነ። ‹ራይት ላይቭሊሁድ› የተባለው ሽልማት የመጣው በ1989 ነው። ከወንዙ እስከ ሽልማቱ ሃያ አምስት ዓመት መሆኑን ልብ እንበል። አንድ ወጣት ዶክተር ሊሰማው የሚገባው ይህ የሃያ አምስት ዓመት ታሪክ ነው፤ እርሱ የሚሰማው ግን የአንድ ቀኑን ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ታሪኩን የአንድ ሰው ማድረጉ ነው። የ1989ን ሽልማት ከዶክተር አክሊሉ ጋር የተቀበሉት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እርሳቸው የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ አብቅለውና አመዛዝነው የተሻለውን የመምረጡን አድካሚ ሥራ ሠሩ። በቍጥር 44 የሚታወቀው ዓይነት የዚህ ድካም ውጤት ነው። ወንዝ ዳር ስለ ታየው ነገር መናገር ደስ ያሰኛል፤ ችግኝ እያጠጡ ዓመታት ስለ መቈየት የሚናገር ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ከንቱ ይሆን ነበር።

ምናልባት አንድ ተቃዋሚ፣ «ይህ ሁሉ ዓመት ፈሶ እንዶድ በዓለም የታወቀ የቢልሃርዝያ መከላከያ ሆነ ወይ?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው ጠንካራ ስለ ሆነ ልንሸሸው አንወድም። አልሆነም። እንዶድ በምርመራ ጥያቄ ተይዞ ሳለ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት መጣ፤ በሽታውን የመቈጣጠሩም ሥራ በአብዛኛው ወደዚያ አዘነበለ። እኛ ግን ከዚህ የምንረዳው ሥራው ከንቱ መሆኑን ሳይሆን፣ የመዘግየት ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ነው። በአገር ውስጥ የሚታመን ላቦራቶሪ ያልነበረው ጥሩ ጥያቄ መልሱን ከባሕር ማዶ ሲጠብቅ ዘመኑ አለፈበት። ደግሞም ከዚያ ጥያቄ የተወለደው ተቋም ዛሬም ተመራማሪዎችን ያስተምራል፤ ይህ ከአንድ መድኃኒት የሚያንስ ፍሬ አይደለም።

አሁን ነገሩን ወደ ቅርባችን እናምጣው። ዛሬ መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አላት። ለወግዲ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ወደዚህ ባለ ግቢ የሚመጣ አዲስ ዶክተር በረዳት ፕሮፌሰርነት ይጀምራል፤ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለመውጣትም ያሳተማቸው ጽሑፎች ይታዩለታል። እኛ ይህን ሥርዓት አንነቅፍም። ያልታተመ ምርምር ለሌላው እንዳልተሠራ ይቈጠራልና፣ ዶክተር አክሊሉም በፍጥነት አሳትመዋል። የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ ምሁር ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ብቻ እየመረጠ፣ ለዶክትሬት በሄደበት አገር የተሰጠውን ጥያቄ እየቈራረሰ ሲያሳትም ዓመታት ቢያልፉ፣ ማዕረጉ ያድጋል፤ ወደ ዓባይ የሚወርዱት የወግዲ ወንዞች ግን ጠያቂ ሳያገኙ ይቀራሉ።

ስለዚህ የእንዶድ ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነገር በሙሉው እንዲነገር እንጠይቃለን። መምህራኖቻችን ለአዲስ ዶክተር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሲያሰናዱለት፣ ከማስተማሩ ሰዓት ጋር አንድ የላቦራቶሪ ጠረጴዛ፣ አንድ የሥራ ጓደኛና የማይቋረጥ ጊዜ ያስቡለት። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ነገ ማዕረጉን ስናገኝ፣ ስንት ጽሑፍ አሳተምህ ከሚለው አስቀድመን በየትኛው ጥያቄ ላይ ሃያ አምስት ዓመት ልንቈይ እንደምንፈቅድ ራሳችንን እንጠይቅ። እናቶቻችን በየወንዙ ዳር የሚያውቁትና እኛ ገና ያልጠየቅንበት ነገር ብዙ ነው።