ስለ «ኤክስፔክት» ፕሮግራም አጭር ሂስ

«ኤክስፔክት» ዶን ሊብስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ሥራውም በሰው ፈንታ ተርሚናሉን እየተመለከተ፣ የተነገረው ቃል እስኪጻፍ መጠበቅ፣ ቃሉም በመጣ ጊዜ የታዘዘውን መልስ መስጠት ነው። ሰውን ከአሰልቺ ሥራ ስላሳረፈ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሁለት ጉድለት እናይበታለን።

አንደኛው፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው 10 ሰከንድ ብቻ ጠብቆ፣ ቃሉ ባይመጣም ወደሚቀጥለው ሥራ ያልፋል። በራያ ቆቦ ካለችው ከጎብዬ ሆኖ አዲስ አበባ ያለውን ማሽን የሚያዝዝ ሰው፣ መስመሩ ቢዘገይበት የይለፍ ቃሉ ሳይጠየቅ ተልኮ በግልጽ ሊታይበት ይችላል።

ሁለተኛው፣ የሚጠብቀውን ቃል በሌላ ቃል ውስጥ ቢያገኘውም ይበቃዋል። «ተፈጸመ»ን ሲጠብቅ «አልተፈጸመም» ቢመጣለት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አማርኛችን አፍራሹን በግሱ ፊትና ኋላ ስለሚያስር ይህ አደጋ ለእኛ ይብሳል።

በጎብዬ ለጋብቻ ልጅ ሊጠይቅ የተላከ ሽማግሌ ግን ዝምታን እንደ ፈቃድ አይቆጥርም፤ «አልፈቀደም» ሲባል ሰምቶም «ፈቀደ» ብሎ አይመለስም። ስለዚህ በዚህ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ ቃሉ ሲዘገይ የሚደረገውን አስቀድሞ ይጻፍ፤ የሚጠብቀውንም ቃል ከነመነሻውና ከነመድረሻው ይወስን እንላለን።