የማይቶኮንድሪያን ዝልግልግነት ስለሚለኩ ቀለሞች የቀረበ ሂስ

በሕያው ሴል ውስጥ የማይቶኮንድሪያን ዝልግልግነት የሚያሳይ አዲስ ቀለም ሠራን የሚሉ ጽሑፎች በኬሚስትሪ መጽሔቶች ላይ በብዛት ይወጣሉ። ሥዕሎቻቸው እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ዳሩ ግን በብዙዎቹ ዘንድ ፍርዱ ከማስረጃው አልፎ የሄደ ይመስለኛል። ከእነዚህም ሥዕሎች ተነሥተው ስለ ስኳር በሽታ የሚናገሩ ስላሉ፣ ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

የአሠራሩ መሠረት የታወቀ ነው። ማር ከውሃ ይልቅ እየተጎተተ እንደሚፈስ ሁሉ፣ ሞለኪውልም በዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ለመዞር ይቸገራል። እነዚህ ቀለሞች የተቀበሉትን የብርሃን ኃይል በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ አንዱን ክፍላቸውን በማሽከርከር ያባክኑታል፤ መዞሪያ ሲያጡ ግን በብርሃን መልክ ይመልሱታል። ፎርስተርና ሆፍማን በ1971 እ.ኤ.አ. ይህን ግንኙነት በቀመር አስቀምጠውታል።

ችግሩ የሚመጣው ቀለሙ ወደ ሴል ሲገባ ነው። ወደ ማይቶኮንድሪያ የሚስበው የተሸከመው ፖዚቲቭ ቻርጅ ነው። በየ60 ሚሊቮልቱ ክምችቱ ዐሥር እጥፍ ስለሚያድግ፣ የውስጠኛው ሽፋን ቮልቴጅ 180 ሚሊቮልት ያህል ሲሆን ሺህ እጥፍ ይደርሳል። ሮዳሚን 123 ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማይቶኮንድሪያን ለማሳየት የዋለው በዚሁ ጠባይ ነው። እንግዲህ ሥዕሉ ሲደምቅ ዝልግልግነቱ ጨመረ ወይስ ቀለሙ በዛ? ድምቀት ብቻውን ይህን አይለይም።

ደራስያኑ ሴሉን በኒስታቲን ወይም በሞኔንሲን ካከሙ በኋላ ድምቀቱ መጨመሩን ያሳያሉ። ነገር ግን ሞኔንሲን ሶዲየምን በሃይድሮጅን አዮን እየለወጠ በሽፋን የሚያሻግር፣ ኒስታቲንም ሽፋንን የሚበሳ ነው፤ ሁለቱም የአዮኖቹን ሚዛን ስለሚያውኩ ቮልቴጁን ሳይነኩ ቀርተዋል ማለት አይቻልም። ለመድኃኒቱ ቀለሙ፣ ለቀለሙም መድኃኒቱ ይመሰክራሉ፤ በየትኛው ችሎት እንዲህ ያለ ምስክርነት ይጸናል?

የተሻለው መንገድ ከታወቀ ቈይቷል። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ኩይሞቫና ባልደረቦቻቸው በ2008 እ.ኤ.አ. የብርሃኑን ድምቀት ትተው፣ ብርሃኑ እስኪጠፋ የሚወስደውን ጊዜ በናኖሰከንድ ለኩ። ይህ ጊዜ በቀለሙ ብዛት አይለዋወጥም። መሣሪያው ውድ ነው፤ ይሁን እንጂ የማይሽከረከር ሁለተኛ ቀለም አብሮ ጨምሮ የሁለቱን ድምቀት ማነጻጸር በተራ ማይክሮስኮፕም ይቻላል።

በጊዜ መለካትም ቢሆን ሁሉን አይፈታም። መለኪያው የሚዘጋጀው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ1 ሴንቲፖይዝ ውሃ እስከ 1,400 ሴንቲፖይዝ ግሊሰሮል ባለው ድብልቅ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ግን ቀለሙ ከፕሮቲን ጋር ሲጣበቅም መዞሩን ያቆማል። ስለዚህ በሴንቲፖይዝ ቁጥር የሚሰጥ ጸሐፊ ቢያንስ ቮልቴጁን በኤፍ.ሲ.ሲ.ፒ. አፍርሶ ያነሣውን ሥዕል ከፊተኛው ጎን ሊያኖርልን ይገባል።