ሕዋስ ድንኳን ነውን? ስለ አንድ የሳይንስ ምሳሌ የቀረበ አጭር ሂስ

ለዐይን የማይታየውን ነገር ለመረዳት በዐይን ከሚታየው ምሳሌ መውሰድ የቈየ የሰው ልጅ ልማድ ነው። ነገር ግን ምሳሌው ከነገሩ ጋር የሚገጥምበትንና የሚለይበትን ቦታ መርምሮ ማወቅ የተማሪ ግዴታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምመረምረውም ሕይወት ያለው ሕዋስ እንደ ሕንጻ በመሐንዲስ ሕግ ይቆማል የሚለውን ሐሳብ ነው።

ይህን ሐሳብ ለብዙ አንባቢ ያስተዋወቀው የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዶናልድ ኢንግበር ነው። ጽሑፉ «የሕይወት ሥነ ሕንጻ» የሚል ሲሆን፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥር 1998 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ኢንግበር በ1970ዎቹ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፤ እንጨቶቹ እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ በተወጠሩ ገመዶች ተይዘው የሚቆሙበትን ቅርጽ ተመለከተ። እንዲህ ያለውን ቅርጽ ቀራጺው ኬኔት ስኔልሰን በ1948 ሠርቶ ነበር፤ «ቴንሴግሪቲ» የሚለውን ስም ያወጣለት ግን ባክሚንስተር ፉለር ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየካ ሰፈሮች የዕድር ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ምሰሶው ሸራውን ወደ ላይ ሲገፋ፤ ገመዱም ወደ ካስማው ሲስብ፤ ድንኳኑ በሁለቱ ትግል ጸንቶ እንደሚቆም ያውቃል። ገመዱ ከላላ ምሰሶው ብቻውን ምንም አይረባም። እንደ ኢንግበር አባባል በሕዋስ ውስጥ 7 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው የአክቲን ክሮች እንደ ገመድ ይስባሉ፤ ማይክሮቲዩቡል የሚባሉት 25 ናኖሜትር ያህል የሚወፍሩ ቧንቧዎች ደግሞ እንደ ምሰሶ ይገፋሉ፤ ሕዋሱ ከውጭ አካል ጋር የሚጣበቅባቸው ነጥቦችም እንደ ካስማ ናቸው። ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

የዚህ ሐሳብ ብርታት በፈተና መታየቱ ነው። በ1993 ኢንግበርና ባልደረቦቹ ጥቃቅን የማግኔት ዶቃዎችን በሕዋስ ገጽ ላይ አጣብቀው ባጠማዘዟቸው ጊዜ፤ ሕዋሱ የሚጫነው ኀይል በጨመረ መጠን እየጠነከረ ሄደ። ይህም አስቀድሞ ከተወጠረ መዋቅር የሚጠበቅ ጠባይ ነው። በ1997 ደግሞ በሰፊ ቦታ ላይ የተዘረጉ የደም ሥር ሕዋሳት ሲባዙ፤ በጠባብ ቦታ ድቡልቡል ሆነው የቀሩት ሲሞቱ ታየ። እንግዲህ የቅርጽ ጉዳይ የመኖርና የመሞት ጉዳይ ነውና፤ የምሳሌው ትክክለኛነት የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ችግሩ ያለው በምሰሶው ላይ ነው። ሊቁ ኦይለር በ1744 እንዳሳየው፤ የአንድ ቀጭን ምሰሶ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሳይጐብጥ የሚሸከመው ጫና ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳል። ከሕዋስ ወጥቶ ለብቻው የተፈተነ ማይክሮቲዩቡልም የሚችለው ጫና እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲጐብጥም እንደ ቀስት በአንድ ረጅም ጕብጠት ነው። በሕያው ሕዋስ ውስጥ ግን ጕብጠቱ እንደ አጫጭር ማዕበል ይታያል። ብራንግዊንና ባልደረቦቹ፤ ከነዚህም አንዱ ራሱ ኢንግበር ነው፤ በ2006 ምክንያቱን ገለጡ። በዙሪያው ያለው የሚለጠጥ መረብ ቧንቧውን ከጐን ስለሚደግፈው፤ ብቻውን ከሚችለው እጅግ የበለጠ ጫና ይሸከማል።

ይህ እንግዲህ ከድንኳን ይልቅ የጭቃ ቤትን ይመስላል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ በእንጦጦ ተዳፋት ከተስፋፋ ወዲህ፤ አጣናው ለብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ግድግዳ ሆኗል። ቀጭን አጣና ብቻውን ቆሞ ክብደት ቢጫንበት ወገቡ ይጐብጣል። አናጢው ቋሚዎቹን በማገር ካሰረና ጭቃው ከተመረገ በኋላ ግን ያው አጣና ጣራ ይሸከማል። ኢንግበር በ1998ቱ ጽሑፉ ሌሎች አያያዥ ክሮችን ቢጠቅስም፤ በእንጨትና በላስቲክ በሠራው አርአያ ላይ ምሰሶውን ከሁለቱ ጫፎቹ በቀር የሚይዘው የለም። ገመዱና ምሰሶው ተቈጠሩ፤ ማገሩ ግን ተረሳ።

ሁለተኛው ጕድለት የጊዜ ነው። ሚቺሰንና ኪርሽነር በ1984 እንዳስረዱት ማይክሮቲዩቡል ሲያድግ ቈይቶ በድንገት ይፈርሳል፤ እንደ ገናም ያድጋል። ምሰሶውን በየደቂቃው እየነቀለ የሚተክል ቤት በእንጦጦም ሆነ በሌላ አገር አላየንም። ስለዚህ የቆመ ሕንጻን የሚለካ ሒሳብ የሕዋስን የአንድ አፍታ ሁኔታ ቢያሳይም፤ የኑሮውን ሂደት አያሳይም።

ሦስተኛ፤ ጸሐፊው ይህንኑ ሕግ ከካርቦን ሞለኪውል ጀምሮ እስከ ሰው አካል ድረስ ይዘረጋዋል። የለጋ ቅጠል ሕዋስ ግን የሚቆመው በውስጡ ያለው የውሃ ግፊት ግድግዳውን ስለሚወጥረው ነው፤ ውሃው ሲጐድል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ይህንም፤ ድንኳኑንም፤ አጥንትና ጅማትንም በአንድ ስም ከጠራን፤ ስሙ ምንን እንደሚከለክል አይታወቅም። ምንም የማይከለክል ሕግ ደግሞ በፈተና ሊረታ አይችልም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሕዋስ አስቀድሞ የተወጠረ መዋቅር ነው የሚለው ክፍል በፈተና የጸና ስለሆነ ልንይዘው ይገባል፤ የሕይወት ሁሉ ሥነ ሕንጻ ነው የሚለውን ግን ልንቀበለው አይገባም። የ2006ቱ ሥራ የተወለደው ምሳሌው ከልኬቱ ጋር ባልገጠመበት ቦታ መሆኑንም እናስተውል። የሥነ ሕይወትና የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ጥያቄ በአንድነት ቢመረምሩት ብዙ ፍሬ ይገኝበታል። በአስተያየቴ ላይ ስሕተት ያገኘ አንባቢ ቢያርመኝ በደስታ እቀበላለሁ።