የነጠላው ጥለት እስኪታይ

መንፈሳዊ መጽሔት እጄ ሲገባ ከጽሑፉ በፊት ፎቶውንና ሥዕሉን ነው የማየው። የጥምቀትን ፎቶ ማስተካከል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። በጥር ፀሐይ የተነሣ ነጠላ ሁሉ ብርሃን ይውጠውና እንደ ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ ጥላ ውስጥ ያለው ፊት ደግሞ ይጨልማል። ባለሙያው ፎቶሾፕ ከፍቶ ብርሃኑን ቀስ እያለ ይቀንሳል። መጀመሪያ የነጠላው እጥፋት፣ ቀጥሎ ጥለቱ ብቅ ይላል። ፊቱን ያፈካዋል፤ ቆዳውን ግን አያቀላውም። አቧራና ጭረቱን ያነሣል፤ የአሮጊቷን እናት የፊት መስመሮች አይነካም። ከሁሉ የማደንቀው ይህን አለመንካቱን ነው። ያ ፊት የስንት ጾም፣ የስንት ሌሊት ማሕሌት ፊት ነው!

ሥዕሉ ደግሞ የራሱ ትውፊት አለው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። አንድ ወጣት ለሕፃናት ዓምድ የምሴተ ሐሙስን ማዕድ በታብሌት ሲሥል ይሁዳን ብቻ ወደ ጎን አዙሮት ሳይ ልቤ ሞላ። ማንም አላዘዘውም፤ ከግድግዳው ሥዕል የተማረው ነው።

ከዚያ ኅትመቱ አለ። ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲወጣ ይደበዝዛል፤ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ናሙና ያሳትማል፣ መስኮት አጠገብ ቆሞ በቀን ብርሃን ያየዋል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ እንደገና ያስተካክላል።