ሐሰተኛስ ሙዙ ነው

በቅርቡ ወደ አስጎብኚነት የገባ ልጅ አርባ ምንጭ ላይ ቡና እየጠጣን፣ «ጋሼ፣ ቆጮን ለእንግዳ እንዴት አድርገው ነው የሚያስረዱት?» አለኝ።

«አላስረዳም» አልኩት።

የቀለድኩ መሰለው። ደብተሩን ገልጦ እስክሪብቶውን እንደያዘ ጠበቀኝ። እኔም ቡናዬን ጠጣሁ።

ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ሃያ ምናምን ዓመት የተጣላሁት በዚህ ነው። እነሱ እንግዳው ገና ከመኪና ሳይወርድ የሚበላውን ነገር ከነታሪኩ ይተርኩለታል። ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ቀን እንደተቀበረ፣ ምን እንደሚመስል። በተለይ «ምን እንደሚመስል» የምትለዋ ታቃጥለኛለች። እንጀራ «ኮምጣጣ ፓንኬክ»፣ ጠላ «የቤት ቢራ»፣ ጠጅ «የማር ወይን» ይሆናል። ሰውየው እኮ ፓንኬክ ሊበላ ከሆነ አገሩ ይቀመጥ ነበር! ሳይቀምስ ስም ከሰጣችሁት ስሙን ነው የሚቀምሰው። ሥጋ ይበላል ወይ፣ አልኮል ይጠጣል ወይ፣ የማይስማማው ነገር አለ ወይ፣ ይሄ መኪና ውስጥ ተጠይቆ ያልቃል። ከዚያ በኋላ አስጎብኚ አፉን ይዝጋ።

ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ዶርዜ ላይ አፍሬ ነው የተማርኩት።

ያደግሁት ጎጃም ነው። ከጤፍ ወዲያ እህል ያለ አይመስለኝም ነበር። ወደ ደቡብ መመላለስ በጀመርኩባቸው ዓመታት ከሻንጣዬ ዳቦ ቆሎ ጠፍቶ አያውቅም። እንግዶቼን «ደፈር በሉ፣ ቅመሱ» እያልኩ እኔ ከመኪናው ጀርባ ቆሎዬን እቆረጥም ነበር። አንድ ቀን ወደ ጨንቻ በሚያወጣው ዳገት ላይ ካለ ግቢ ገባን። ሴትየዋ እንሰቱን ጣውላ ላይ አስደግፋ፣ በአንድ እግሯ ረግጣ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቀዋለች። ነጩ ውሃ በጣውላው ላይ ይወርዳል። ቀጥላ በቅጠል ተጠቅልሎ ተቀብሮ የቆየውን አወጣች። ክሩን በቢላ ደጋግማ ከተከተች፣ አሸች፣ በእንሰት ቅጠል መሃል አሳስታ ምጣድ ላይ ጣለችው። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ዝም አላልኩም። «ፎልስ ባናና ይባላል፤ ሙዝ ይመስላል እንጂ ፍሬው አይበላም» እያልኩ አወራለሁ።

«ምን እያልካቸው ነው?» አለችኝ በአማርኛ።

«ሐሰተኛ ሙዝ።»

አልሳቀችም። «እንሰት መቼ ዋሸ? አያቶቻችንን ያሳደገ እሱ። ሐሰተኛስ ሙዙ ነው።» ቢላዋን በቅጠል ጠረገችና፣ «አንተስ የማትበላው ለምንድነው?» አለች። ጠግቤያለሁ አልኩ። ዓይኗ ቆሎ ወደያዘው ኪሴ ሄደ። ከምጣዱ ትኩሱን ቆርሳ፣ አንዱን ጠርዝ ማር አንዱን ጠርዝ ዳጣ ነክታ በቅጠል ሰጠችኝ። እንግዶቼ ሁሉ ያዩኛል። በላሁ። መጀመሪያ የቅጠሉ ሽታ ይመጣል፣ ከኋላ ኮምጠጥ ይላል፣ ከዚያ ዳጣው ጆሮ ድረስ ይሄዳል። የዚያን ቀን ወደድኩት ብል ውሸት ነው። የወደድኩት በአራተኛው ጉዞ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ፎልስ ባናና» ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እንሰት እንሰት ነው።

ወጣቶቹ ሁልጊዜ የሚያነሱብኝ የሆድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ መንደር ውስጥ ካበሏቸው ይታመማሉ፤ ሆቴል ይሻላል።» እውነት ነው፣ ውሃው ያስፈራል፤ እኔም ቤት እመርጣለሁ። ግን በእጄ ካለፉት እንግዶች ክፉኛ የታመሙት ሁለቱ የሆቴል ቡፌ ላይ ሰላጣ የበሉ ናቸው። ከምጣድ ወርዶ እጅ የሚያቃጥል ቆጮ ማንንም ሲያሳምም አላየሁም።

መጠጥ ላይ ደግሞ የባሰ ግትር ነኝ። ወይን የሚወድ እንግዳ ሲመጣ ጓደኞቼ በመጀመሪያው ቀን ዝዋይ ይወስዱታል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱም አይከብድም። የፈረንሳዩ ካስቴል በ2007 እ.ኤ.አ. ተክሎ በ2014 «ሪፍት ቫሊ» ብሎ ያወጣውን ወይን ያስቀምሱታል። ወይኑ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ሲራውን እኔም እጠጣለሁ። ነገር ግን ሲራም ሜርሎም እንግዳው ከአገሩ የሚያውቃቸው ናቸው፤ ብርጭቆውን ሲያነሳ ማወዳደር ይጀምራል። አንዴ ማወዳደር የጀመረ ምላስ እስከ ጉዞው መጨረሻ ያወዳድራል። ስለዚህ ዝዋይን ለመመለሻ አቆያታለሁ።

ወይን በመሥራት የሚተዳደር አንድ ሽማግሌ እንግዳ ነበረኝ። ባሕር ዳር ዳርቻ፣ እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት በር አይቼ ይዤው ገባሁ። የጠላ ቤቱ ባለቤት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ቀዳችለት። (ይህችን ቅምሻ ጓደኞቼ ከመርዝ ታሪክ ጋር ቀድመው ይተርኳታል። ሰው መርዝ እያሰበ እንዴት ይጠጣል?) ሽማግሌው ጣሳውን አፍንጫው ላይ ይዞ ቆየ። «ጭስ አለው። የምን እንጨት ነው?» አለኝ።

በጠላ ቤት ነው ያደግሁት፤ ጭስ እንዳለው ግን ልብ ብዬ አላውቅም። እናቴ ጋ ደወልኩ። «ወይራ ነዋ!» አለች፤ «ጋኑን ሳጥን ከእግሬ ሥር አልነበርክ እንዴ?» ሽማግሌው በማግስቱ ጠጅ ቤት ብርሌውን አሽትቶ፣ አንገቱ ጠበበኝ ብሎ የውሃ ብርጭቆ ጠየቀ። ገልብጦ ሰጠኝ። ጠጅ በብርሌ እንጂ በብርጭቆ አይጠጣም ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ። አሸተትኩት። ማሩ ለብቻው፣ ጌሾው ለብቻው ወጣ። አሁንም በብርሌ ነው የምጠጣው፤ ማንም ሳያየኝ ግን አንዳንዴ ብርጭቆ ላይ እገለብጣለሁ።

ባለፈው ዓመት ለጥምቀት አገሬ ስገባ ከዶርዜ ቆጮ ይዤ ነበር፣ በቅጠሉ እንደተጠቀለለ። ምጣድ ላይ አሙቄ እናቴ ፊት አስቀመጥኩት።

«ምንድነው?»

«ቅመሽው።»

አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፣ ቆረሰች። ረጅም ጊዜ አኘከች። «ጨው ረስተውታል» አለችና ሁለተኛውን ቁራሽ ሽሮው ውስጥ ነከረች። ስሙን የጠየቀችኝ ሳህኑን ካነሳች በኋላ ነው።