ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ከቻግኒ ወደ እንጅባራ የሚወጣ መኪና ፍሪሲዮኑ ከደከመ ዳገቱ ያጋልጠዋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቻግኒ ከሷ በጣም ዝቅ ትላለች። በቆሎ የጫነ አሮጌ ሃይሉክስ ሞተሩ እያጓራ ፍጥነት አልጨምር ካለና የተቃጠለ ሽታ ካቢና ከገባ ሹፌሩ «የፍሪሲዮን ሸራው አልቋል» ይላል። ጋራዡም ብዙውን ጊዜ አይከራከርም፤ ካምቢዮ ማውረድ ገንዘብ አለው።

ጎበዝ መካኒክ ግን ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል። ጉልበት ነው ያጣው ወይስ ማርሽ አልገባም አለ? ጉልበት ካጣ፣ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ስቦ በአራተኛ ማርሽ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ ይለቃል። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ገና ይይዛል፤ መዞሩን ከቀጠለ ይንሸራተታል። ይህን አይደጋግመውም፤ ሙከራው ራሱ ሸራ ይበላል።

ማርሽ አልገባም ካለ፣ በተለይ የኋላ ማርሽ ከጮኸ፣ ሸራው ከቮላኖው በደንብ አልተላቀቀም። ሙያው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ ከፔዳሉ በላይ እጁን ሰድዶ የላይኛውን ፓምፕ ይዳብሳል። ቀጥሎ መኪናው ስር ገብቶ በካምቢዮው ጎን የተሰካውን የታችኛውን ፓምፕ የአቧራ ጎማ በጥፍሩ ገለጥ ያደርጋል። ጣቱን የፍሬን ዘይት ካራሰው ጥፋቱ የአንዲት ጎሚኒ ነው፤ ካምቢዮው ባለበት ይቀመጥ።

ጎሚኒዋ ከተቀየረች በኋላ አየር ማውጣት ይቀራል። ረዳቱ ካቢና ውስጥ ተቀምጧል።

«ርገጥ!»
«ረግጫለሁ ጋሼ።»
«ያዝ!»

የታችኛውን ፓምፕ የአየር ማውጫ ብሎን ትንሽ ላላ ሲያደርጋት ዘይቱ አረፋ እየደፈቀ በቱቦው ወደ ጠርሙስ ይወርዳል። መልሶ ካጠበቃት በኋላ ብቻ «ልቀቅ» ይላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛነፈ ፓምፑ የወጣውን አየር መልሶ ይስባል። አረፋው እስኪጠፋ እንዲህ ይቀጥላሉ፤ ዘይት ማጠራቀሚያውም ባዶ እንዳይሆን በየመሀሉ ይሞላል።

ሸራው በእርግጥ ካለቀ ካምቢዮው ይወርዳል። ያኔም ሸራ ቀይሮ መግጠም ብቻ አይበቃውም። ቮላኖው ላይ በሙቀት ሰማያዊ የሆነ ቦታ ካየ ወደ ቶርኖ ይልከዋል፤ ከሞተሩ በኩል ዘይት የሚያፈስ ካለ ያንን ሳያደርቅ አዲስ ሸራ አያስርም። የፍሪሲዮኑን ብሎኖች በአንድ ወገን አያጠብቅም፤ ትይዩ ትይዩውን እያፈራረቀ ቀስ በቀስ ያጠብቃል። ግራሱንም ስስ አድርጎ ይቀባል፤ የተረፈው ሸራው ላይ ተረጭቶ ሥራውን ሁሉ ያበላሻልና።

ዳንግላም ሆነ እንጅባራ መኪናችሁን ጋራዥ ስታስገቡ፣ «ካምቢዮ ይውረድ» ሲባል የታችኛው ፓምፕ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ።